«ወድቆ ነው» ብዬ የጻፍኩበት ካርድ



የዛሬው ጽሑፍ እንደ ወትሮው ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር ሕመም አይደለም። ለዓመታት ልጽፈው እያሰብኩ የተውኩት፣ እኔው ራሴ ያጠፋሁበት ታሪክ ነው። ረዘም ይላልና ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት። በሞግዚት የሚያድግ ሕፃን፣ በሰው እጅ የሚጦሩ እናት ወይም አባት፣ ወይም የደረሰበትን መናገር የማይችል የቤተሰብ አባል ያላችሁ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ማንም እንዳይታወቅ የቦታውን ስም ትቼዋለሁ፤ አንዳንድ ዝርዝሮችንም ቀይሬያለሁ።

ከተመረቅኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን፣ ወላጅ የሌላቸውና የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች የሚያድጉበት አንድ ማሳደጊያ በወር አንድ ቅዳሜ እየሄድን በነፃ እናክም ነበር። ግቢው ንጹሕ ነው። በሩ ላይ አበባ ተተክሏል። ስንደርስ ልጆቹ ታጥበው፣ ቅባት ተቀብተው ይጠብቁናል። ቡና ይፈላልናል። እኛም ሳል የያዘውን፣ ቆዳው የሚያሳክከውን፣ ጆሮው መግል የሚያወጣውን እናያለን፤ ያመጣነውን መድኃኒት ሰጥተን፣ ተመርቀን እንመለሳለን። ጥሩ ሥራ እየሠራሁ ነው ብዬ በራሴ ደስ ይለኝ እንደነበር አልደብቃችሁም።

ከልጆቹ አንዱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ሲወለድ አንጎሉ ላይ በደረሰ ጉዳት እጅና እግሩን እንደልቡ ማዘዝ አይችልም፤ እኛ ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ የምንለው ነው። የሚቀመጠው በትራስ ተደግፎ ነው። አይናገርም። ሲስቅ ግን መላ ሰውነቱ ይስቃል።

አንድ ቅዳሜ የግራ ጆሮው በልዞ አየሁት። ይዛው የመጣችውን ሞግዚት «ምን ሆኖ ነው?» አልኳት። «ወድቆ ነው ዶክተር» አለችኝ። ካርዱ ላይ «ወድቆ የግራ ጆሮው በልዟል» ብዬ ጻፍኩና ቀጣዩን ልጅ ጠራሁ።

በሚቀጥለው ወር ደግሞ ጭኑ ላይ ጎን ለጎን የተጋደሙ ሦስት ሰንበሮች ነበሩ። አሁንም «ወድቆ ነው» ተባልኩ። አሁንም ጻፍኩ። ልቡን ላዳምጥ መሣሪያዬን ከአንገቴ ለማውረድ እጄን ከፍ ሳደርግ፣ ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ወደ ትከሻው ቀበረ። አይቼዋለሁ። መሣሪያው ስለሚቀዘቅዘው ነው ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጥቼ አለፍኩት።

ልንወጣ ስንል ወጥ ቤት የሚሠሩት እናት እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠራረጉ ተከተሉኝ። ግራ ቀኛቸውን አይተው ቀስ ብለው፣ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አሉኝ። «ይጠይቁኝ እናቴ» አልኳቸው።

«ያ ልጅ መቆም አይችልም። የሚተኛው መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው። ከየት ነው የሚወድቀው?»

መልስ አልነበረኝም። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። ዓይን ብቻ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ለምን እንዳላየሁ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። አንደኛ፣ ሞግዚቷ ትሁት ነበረች። በልጅ ላይ የሚጨክን ሰው ፊቱ ላይ የሚታወቅ ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛ፣ ግቢው ንጹሕ ነበር፤ በጎ ሥራ የሚሠራበት ቤት ነው። ሦስተኛ፣ ጥያቄዬን የጠየቅኩት በልጁ ራስ ላይ ተሻግሬ፣ ሊያጠፋ የሚችለውን ሰው ነው። ከሁሉም በላይ ግን፣ ካመንኩ አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። ካላመንኩ ቡናዬን ጠጥቼ ወደ ቤቴ መሄድ እችላለሁ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ቀጥሎ መጣ። ወዲያው ለሚመለከተው አካል ከማሳወቅ ይልቅ ለቤቱ ኃላፊ ነገርኩ። ደንግጦ ሰማኝ። ከዚያ «ዶክተር፣ ይህን በውስጥ እንጨርሰው። ስማችን ከጠፋ የሚረዳን ሰው ይሸሻል። እነዚህ ልጆች የት ይወድቃሉ?» አለኝ። አነጋገሩ ሚዛን የሚደፋ መሰለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜያችን ላይ አይተን እንነጋገራለን ተባብለን ተለያየን።

ያ ቅዳሜ ሳይደርስ ስልክ ተደወለልኝ። ልጁ የጭኑ አጥንት ተሰብሮ ሆስፒታል ገብቷል። እውነቱን ለመናገር፣ ቆመው የማያውቁ ልጆች አጥንታቸው ስለሚሳሳ ልብስ ሲለወጥላቸው ወይም ሲነሱ እንኳ በጥንቃቄ ጉድለት ሊሰበር ይችላል። የአጥንት ሐኪሙ ባልደረባዬም ይህ ስብራት በምን እንደመጣ ከራጁ ብቻ መናገር እንደማይቻል ነገረኝ። ግን ራጁ ሌላም ነገር አሳየን፤ ክንዱ ላይ ሳይታከም በራሱ የገጠመ አሮጌ ስብራት። ያ ልጅ ክንዱ ተሰብሮ፣ ለሳምንታት ያንን ሕመም ይዞ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ማንም አላወቀለትም። ምናልባት በአንዱ ቅዳሜ እኔ ፊት ቀርቦ ነበር።

ለፖሊስ አመለከትን። ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮም አሳወቅን። ምርመራው ሲጀመር የሕክምና ካርዱ ተጠየቀ። ካርዱ ምን ይላል? «ወድቆ»፣ «ወድቆ»። በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ በእኔ ፊርማ። የቤቱ ኃላፊ «ሐኪሙ ራሱ ወድቆ ነው ብሎ የለም ወይ?» አለ። እውነቱን ነበር። ለልጁ ሊመሰክርለት የሚችለው ብቸኛ ወረቀት በእሱ ላይ መሰከረ። ሞግዚቷ ከሥራ ተሰናበተች፤ ልጁም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ክሱ ግን ብዙም አልተራመደም።

ሞግዚቷን ፖሊስ ጣቢያ አግኝቻት ነበር። መታሁት አላለችም፤ አልመታሁትምም አላለችም። እንዲህ ነው ያለችኝ፦ «ማታ ለአሥራ ስምንት ልጅ እኔ ብቻዬን ነኝ። እሱ ሲጮህ ሌሎቹ ይነሳሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሌሊት ተኝቼ አላውቅም። እኔንስ ማን ጠየቀኝ?»

ይህ ያደረገችውን ትክክል አያደርገውም። ልጅ መምታት በምንም ምክንያት ትክክል አይሆንም። ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል። ጥቃት የሚበቅለው በክፉ ሰው ብቻ አይደለም። አንድ ሠራተኛ ለብዙ ሰው ሲመደብ፣ በሩ ሲዘጋ፣ ጠያቂ ሲጠፋ፣ ተንከባካቢው እረፍት ሲያጣ፣ ተጠቂው መናገር ሳይችል ሲቀር ይበቅላል። እነዚህ አንድ ላይ ከተገጣጠሙ ትናንት ደግ የነበረ ሰውም ዛሬ እጁን ሊያነሳ ይችላል። ስለዚህ «እሷ እኮ ጥሩ ሰው ናት» ማለት ጥበቃ አይደለም። ጥበቃ የሚሆነው የሚያይ ዓይንና የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ነው።

በእኔ ላይ የደረሰው በሌሎች ሐኪሞች ላይም ደርሷል። ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የአይቮሪ ኮስት ልጅ ነበረች። ወላጆቿ በአውሮፓ የተሻለ ትምህርት ታገኛለች ብለው ለአባቷ አክስት አደራ ሰጧት። በእኛም አገር ልጅን ከገጠር ወደ ከተማ ለዘመድ መላክ የተለመደ ስለሆነ ታሪኩ ሩቅ አይደለም። በፈረንጆቹ ሐምሌ 1999 የልጆች ጠባቂዋ ቤተሰብ በሰውነቷ ላይ ያዩት ጉዳት አሳስቧቸው ለንደን ውስጥ ወደ ሆስፒታል ወሰዷት። መጀመሪያ ያዩዋት ሐኪሞች ጥቃት ጠረጠሩ። አንድ ከፍተኛ ሐኪም ግን ምልክቶቹ ከእከክ የመጡ ናቸው አሉ። በማግስቱ ወደዚያችው አክስት ተመለሰች። በዚያው ወር ጭንቅላቷና ፊቷ ተቃጥሎ ሌላ ሆስፒታል ተኛች፤ ዳግመኛ ተመለሰች። በየካቲት 2000 ስትሞት ስምንት ዓመቷ ነበር። አስከሬኗ ላይ 128 የጉዳት ምልክቶች ተቆጠሩ። አክስቲቱና አብሯት የሚኖረው ሰው በነፍስ ግድያ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። በ2003 የወጣው የመንግሥት ምርመራ እንዳሳየው ልጅቷ በብዙ ባለሙያዎች እጅ አልፋለች። አረፍ ብሎ «ቀንሽን እንዴት ነው የምትውዪው?» ብሎ ከእሷ ከራሷ ለመስማት የሞከረ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። እንግሊዝ የሕፃናት ሕጓን በ2004 እንድታሻሽል ያደረጋት ይህ ታሪክ ነው።

እኛም ሕግ አጥተን አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ የመጠበቅ መብት እንዳለው በግልጽ ይናገራል። ያጣነው አይቶ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ጉዳዩ የልጆች ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ 6 ሰዎች አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ የሆነ ዓይነት ጥቃት ደርሶበታል። በመጦሪያ ተቋማት ከሚሠሩ ደግሞ ከ3 ሠራተኞች 2ቱ ባለፈው ዓመት ጥቃት መፈጸማቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። ጥቃት ስንል ዱላ ብቻ አይደለም። ስድብና ማስፈራራት፣ ማሰር፣ ምግብና ውኃ መከልከል፣ ቁስል አለማጠብ፣ ጸጥ እንዲሉ መድኃኒት መስጠት፣ ገንዘባቸውን መውሰድ፣ ወሲባዊ ጥቃትም ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ከዚያ ከልጁ ታሪክ ከዓመታት በኋላ የገጠመኝን ልንገራችሁ። በስትሮክ ግማሽ ጎናቸው የማይንቀሳቀስ፣ ንግግራቸውም የጠፋ አንዲት እናት ቤታቸው ሄጄ እንዳይ ተጠራሁ። ልጆቻቸው አሜሪካ ናቸው፤ በየወሩ ገንዘብ ይልካሉ። የሚጦራቸው የወንድማቸው ልጅ ነው። እሑድ እሑድ በቪዲዮ ሲደወል ነጠላቸው ተስተካክሎ፣ ትራስ ተደግፈው ይታያሉ። ልጆቹ «እናታችን እኮ ደህና ናት፣ ለምን እየከሳች እንደሄደች ብቻ እይልን» ነበር ያሉኝ።

ብርድ ልብሱን ገልጬ አገላብጬ ሳያቸው ወገባቸው ላይ አጥንት የሚያሳይ የአልጋ ቁስል አገኘሁ። ምላሳቸው ደርቋል። የወንድማቸው ልጅ አጠገቤ ቆሟል፤ ሁሉንም ጥያቄ እሱ ይመልሳል፤ «ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ አገላብጣታለሁ።» ያ ካርድ ትዝ አለኝ። «ከፋርማሲ ጓንትና ፋሻ ግዛልኝ» ብዬ ላክሁት።

ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ደህናውን እጃቸውን ያዝኩ። «እማማ፣ አዎ ከሆነ እጄን አንድ ጊዜ ይጭመቁ፣ አይደለም ከሆነ ሁለት ጊዜ» አልኳቸው። መጀመሪያ መረዳታቸውን ለማወቅ መልሱን የማውቀውን ጠየቅኳቸው። ስምዎ እንዲህ ነው? አንድ ጊዜ። አሁን ያለነው ሆስፒታል ነው? ሁለት ጊዜ። ከዚያ «ማታ ውኃ ይሰጥዎታል?» አልኳቸው። ሁለት ጊዜ ጨመቁ። «እንዳይሸኑ ተብሎ ነው?» አንድ ጊዜ። እጄን ግን አልለቀቁትም። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ሰው ይህን አልጠየቃቸውም ነበር።

ልጁ ክፉ ሆኖ አልነበረም። አንሶላ ማጠቡ ሰልችቶት፣ ስለ አልጋ ቁስል ማንም ሳያስተምረው፣ ብቻውን ቀርቶ ነው። ልጆቻቸው ያን ዕለት ማታ ሁሉንም ሰሙ። ሁለተኛ ሰው ተቀጠረ፤ በቀን የሚፈራረቁበት ፕሮግራም ወጣ፤ አንዲት ጎረቤት በፈለገችው ሰዓት ገብታ እንድትጠይቃቸው ተደረገ። ቁስሉ ለመዳን አራት ወር ያህል ፈጀ። ዳነ።

በሁለቱ ታሪኮች መካከል የተለወጠው የእኔ እውቀት አይደለም። ሁለተኛውን ጊዜ የጠየቅኩት ተጎጂውን ነው፤ ለብቻቸው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ።

አሁን ደግሞ ሁላችሁም ልታውቋቸው የሚገቡ ምልክቶችን ላንሳ።

👉 ብልዘት የት ነው? የሚሮጥ ልጅ ጉልበቱ፣ ቅልጥሙ፣ ክርኑና ግንባሩ ቢበልዝ የተለመደ ነው። ጆሮ፣ አንገት፣ ጉንጭ፣ ሆድ፣ ጀርባ፣ መቀመጫ፣ የጭንና የክንድ የውስጥ ጎን ላይ ሲሆን ግን «ለምን?» በሉ። ገና መገላበጥና መዳህ ያልጀመረ ጨቅላ ላይ የታየ ማንኛውም ብልዘት ሐኪም ሊያየው ይገባል። መንቀሳቀስ የማይችል ትልቅ ሰውም እንደዚሁ ነው።

👉 ቅርጹስ? የጣት፣ የቀበቶ፣ የገመድ፣ የጥርስ ወይም የሲጋራ ቅርጽ ያለው ምልክት፣ በእጅ አንጓና በቁርጭምጭሚት ዙሪያ የታሰረ የሚመስል ሰንበር፣ እንደ ካልሲ ወይም እንደ ጓንት እኩል የተቃጠለ እግር ወይም እጅ ብዙውን ጊዜ በአጋጣሚ አይመጣም።

👉 ታሪኩ ከጉዳቱ ጋር ይሄዳል? የሚነገራችሁ ምክንያት በየጊዜው ከተቀያየረ፣ ወይም ልጁ በዕድሜው ሊያደርገው የማይችለውን አደረገ ከተባላችሁ፣ ወይም ለከባድ ጉዳት ሕክምና ሳይወሰድ ቀናት ካለፉ ተጠራጠሩ።

👉 ጠባይ። ሰው እጁን ሲያነሳ መሸማቀቅ፣ ከአንድ ሰው ጋር ብቻውን መቅረትን መፍራት፣ ሽንት መቆጣጠር የጀመረ ልጅ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት፣ ድንገት ዝም ማለት፣ ከዕድሜው ያለፈ የወሲብ ቃል ወይም ጨዋታ።

👉 ያልተለመደ እንቅልፍ። ማቆያ የዋለ ሕፃን በየቀኑ ፈዞ ከመጣ፣ ወይም አዛውንት ቀኑን ሙሉ ካንቀላፉ ምን መድኃኒት እንደተሰጣቸው ጠይቁ። ሕፃናትን ለማስተኛት የሚሰጡ የአለርጂ ሽሮፖች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ፕሮሜታዚን ነው፤ ትንፋሽ አዳክሞ ሊገድል ስለሚችል ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም።

👉 ቸል መባል። የአልጋ ቁስል፣ የደረቀ ምላስ፣ በፍጥነት መክሳት፣ የሽንት ሽታ፣ ያልተቆረጠ ጥፍር፣ የጠፋ መነጽር ወይም መስሚያ መሣሪያ።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ምልክት ሁሉ ጥቃት አይደለም። ብዙ የእኛ ሕፃናት ሲወለዱ ጀምሮ መቀመጫቸውና ጀርባቸው ላይ ብልዘት የሚመስል ሰማያዊ ምልክት አላቸው፤ ጉዳት አይደለም። ዋግምት የተደረገለት ሰው ክብ ምልክት ይኖረዋል። አዛውንቶች፣ በተለይ አስፒሪን ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ፣ እጃቸውና ክንዳቸው በትንሹ ሲነካ ይበልዛል። የብልዘትን ቀለም አይቶ «ይህ የሦስት ቀን ነው» ማለትም አይቻልም። ስለዚህ የእናንተ ሥራ መፍረድ አይደለም። አይቶ መጠየቅና ለሚመረምር አካል ማድረስ ነው። ያለ ማስረጃ የቤት ሠራተኛን መደብደብ ወይም ስሟን በማኅበራዊ ሚዲያ ማጥፋት ሌላ ጥቃት ነው፤ ጥፋተኛው ደግሞ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ. ለብቻ ጠይቁ። ተንከባካቢው በሌለበት፣ ረጋ ብላችሁ። «ማን መታህ?» አትበሉ፤ «ይህ እንዴት ሆነ?»፣ «ማታ ማን ያስተኛሃል?»፣ «የምትፈራው ነገር አለ?» በሉ። መናገር የማይችል ሰው በእጅ፣ በዓይን፣ በሥዕል ይመልሳል። የልጃችሁን ወይም የእናታችሁን «አዎ» እና «አይደለም» ማወቅ የእናንተ ድርሻ ነው።

2ኛ. ልጅ ከነገራችሁ አትጩኹ፣ አትቆጡ፣ ደጋግማችሁም አትመርምሩ። «ስለነገርሽኝ ጎበዝ ነሽ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በሉ። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ መናገር ይኖርባችኋልና። ያለችውን በራሷ ቃል፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ጻፉ።

3ኛ. ወሲባዊ ጥቃት ከተጠረጠረ ሳታጥቡ፣ ልብሱን በወረቀት ከረጢት ይዛችሁ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ እርግዝና መከላከያው እስከ 120 ሰዓት ሊሰጥ ይችላል። ሁለቱም ቶሎ ሲወሰዱ ይበልጥ ይሠራሉ። ቀኑ ቢያልፍም ሂዱ፤ የሚደረግ ሕክምና አለ። አዲስ አበባ ላይ እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ባሉ ቦታዎች ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና ፖሊሱን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለ።

4ኛ. በሽምግልና አትሸፍኑት። የተጣሉ ጎረቤቶችን ማስታረቅ መልካም ባህላችን ነው። መናገር የማይችል ልጅ ግን ከማን ጋር ይታረቃል? ለፖሊስና በአካባቢያችሁ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ለሚከታተለው ቢሮ አሳውቁ። አደጋው አሁን እየተፈጸመ ከሆነ 991 ደውሉ።

5ኛ. ሳትናገሩ ሂዱ። ማቆያም፣ ማሳደጊያም፣ መጦሪያም ቢሆን ቤተሰብ በማንኛውም ሰዓት እንዳይገባ የሚከለክል ቦታ ላይ ሰው አታስቀምጡ። ማታ ስንት ሠራተኛ እንዳለ፣ ልጆቹን ማን እንደሚያጥብ፣ ሠራተኞች ሲቀጠሩ የቀድሞ ሥራቸው ይጣራ እንደሆነ ጠይቁ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ በቪዲዮ ስትደውሉ ፊት ብቻ አትዩ። እግራቸውን፣ ወገባቸውን፣ አልጋቸውን አሳዩኝ በሉ። ከእድርተኛ፣ ከነፍስ አባት ወይም ከጎረቤት አንድ ሰው ሳይታሰብ እየገባ እንዲያይላችሁ ለምኑ።

6ኛ. ተንከባካቢውን ተንከባከቡ። ይህን እንደ ትርፍ ነገር አትዩት። ሞግዚቷ እረፍት አላት? ትተኛለች? የሚያግዛት አለ? የማይነሳ ታማሚ ቢቻል በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት፤ ይህን አንድ ሰው ሌትና ቀን ሊሠራው አይችልም። ራሳችሁ ተንከባካቢ ከሆናችሁና ሕፃኑ አልቅሶ ትዕግሥታችሁ ካለቀ፣ ደህና ቦታ አስተኝታችሁት ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ውጡ፤ ሰው ጥሩ። ሕፃንን በቁጣ መነቅነቅ አንጎሉ ውስጥ ደም አፍስሶ ሊገድለው ይችላል። እርዳታ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። የሰው ሥዕል ሳሉና ያያችሁትን ሁሉ በቦታው፣ በመጠኑ፣ በቅርጹ አስቀምጡ። የተነገራችሁን እንደ እውነት አትጻፉ። እኔ ያኔ መጻፍ የነበረብኝ እንዲህ ነበር፦ «ሞግዚቷ ወድቆ ነው ብላለች። ልጁ ራሱን ችሎ መቀመጥም ሆነ መቆም አይችልም፤ የሚተኛው መሬት ላይ ነው። የታየው ጉዳት ከተነገረው ምክንያት ጋር አይሄድም።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ልጁን በኋላ ሄጄ ጠይቄው ነበር። የተዛወረበት ቤት ጠባብ ነው፤ በሩ ላይ አበባም የለም። ማታ ማታ ግን ሁለት ሰው ነው የሚያድረው። እጄን ቀስ ብዬ፣ እያሳየሁት፣ ወደ ደረቱ አስጠጋሁ። መጀመሪያ ዓይኑን ጨፈነ። ትንሽ ቆይቶ ገለጠው። የዚያን ቀን አልሳቀልኝም። አልፈረድኩበትም።

ያን ጥያቄ የጠየቁኝ የወጥ ቤት እናት ከዚያ ግቢ ሥራቸውን ለቀው እንደወጡ ሰማሁ። ሳላመሰግናቸው ቀረሁ። ስለዚህ እናንተም አንድ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ጆሯችሁ መጥቶ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት» ሲላችሁ፣ ቁሙና ስሙት።

ጽሑፉን ለወላጆች፣ ለሞግዚቶች፣ ለማቆያና ለመጦሪያ ሠራተኞች፣ ውጭ አገር ላሉ ዘመዶቻችሁም አካፍሏቸው። ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የተጎጂን ስምም ሆነ ፎቶ ግን እባካችሁ በአደባባይ አታውጡ።